ጠፈርተኛ ከመላክ በፊት

ህንድ በራሷ ሮኬት የራሷን ሰው ወደ ሕዋ ለመላክ እየተሰናዳች ነው። ወሬው በኮምቦልቻና በባቲ መካከል ካለችው ደጋን ደርሷል፤ «የኛስ መቼ ነው?» የሚል ጥያቄም አስነስቷል። ለጥያቄው ከማንም ቀድሞ መልስ ያለው የወሎ ታሪክ ነው።

ከኮምቦልቻ ተነስቶ ወደ ባቲ የሚወርድ መንገደኛ ደጋን ሲደርስ የደሴን ብርድ ይረሳዋል። ሐረጎ ላይ የተደረበው ጋቢ እዚህ ተጣጥፎ ጉልበት ላይ ይቀመጣል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የማሽላ ማሳ ነው፤ ጣል ጣል ብሎ ማሾ ይታያል። የባቲ ገበያ ሰኞ ስለሚውል ዋዜማውን መንገዱ ሥራ ይበዛበታል፤ ጭነት የከመረ አይሱዙ ይወርዳል፣ ባዶውን የተመለሰው ይወጣል።

ከመንገዱ ዳር ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዱ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን የውጭ ዜና ያሳያል። የበረራ ልብስ የለበሱ አራት ህንዳውያን ቆመው ይጨበጨብላቸዋል። ባጃጁን ጥላ ሥር አቁሞ ሻይ የያዘ ወጣት ዐይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል «እነዚህ በራሳቸው መንኮራኩር ሊወጡ ነው አሉ። የኛስ መቼ ነው?» ይላል።

«አብሽር፣ አንተ መጀመሪያ ለባጃጅህ ቤንዚን አግኝ» ይሉታል ከጎኑ የተቀመጡ አንድ አባት። ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

ጥግ ይዞ ደብተር ሲያርም የነበረ የፊዚክስ መምህር ሳቁ እስኪበርድ ይጠብቃል። «ልክ ነዎት አባባ። ግን ህንድም ስትጀምር እንዲሁ ተስቆባታል» ይላል።

መምህሩ አልተሳሳተም።

## ሮኬት በብስክሌት

በደቡብ ህንድ፣ በኬረላ የባሕር ዳርቻ፣ ቱምባ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። የህንድ የሕዋ መርሐ ግብር አባት የሚባሉት ቪክራም ሳራባይ ይህቺን መንደር የመረጡት የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአቅራቢያዋ ስለሚያልፍ ነበር። በዚህ መስመር ላይ፣ በላይኛው አየር ውስጥ፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል፤ ያን ለማጥናት ሮኬት መተኮስ ያስፈልጋል። ችግሩ ቦታው ላይ ቤተ ክርስቲያን መኖሩ ነው። ጳጳሱ ምእመናኑን ጠየቁ፤ ሕዝቡም እሺ አለ። የቅድስት ማርያም መግደላዊት ቤተ ክርስቲያን የሳይንቲስቶች መሥሪያ ቦታ፣ የጳጳሱም ቤት ቢሮ ሆነ። የሮኬት ክፍል በብስክሌት ላይ ታስሮ ሲሄድ የሚያሳየው ፎቶግራፍ ከዚያ ዘመን የቀረ ነው።

የመጀመሪያው ሮኬት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1963 ከቱምባ ተተኮሰ። እሱም ቢሆን ከአሜሪካ የተገኘ ነበር። የመጀመሪያዋ የህንድ ሳተላይት አርያባታም በ1975 የመጠቀችው በሶቪየት ሮኬት ነው። ህንድ በራሷ ሮኬት የራሷን ሳተላይት ያመጠቀችው በ1980 ነው።

በመካከሉ ግን ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ሥራ ተሠርቷል። በ1975 እና በ1976 ህንድ ከአሜሪካ ለአንድ ዓመት በተዋሰችው ሳተላይት አማካይነት ወደ 2,400 በሚጠጉ መንደሮች የቴሌቪዥን ሥርጭት አስገባች። የሚተላለፈው ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ሕፃናት ጤናና ስለ ትምህርት ነበር። ቴሌቪዥን አይቶ የማያውቅ ገበሬ ከሕዋ በመጣ ሞገድ ስለ ማሳው ተነገረው። ሰው መላክ በዚያን ጊዜ በዕቅዱ ውስጥ አልነበረም።

> ህንድ ጠፈርተኛ ለመላክ ከማሰቧ ብዙ ዓመት በፊት ለገበሬዋ መናገር ጀምራ ነበር።

የመጀመሪያው ህንዳዊ ጠፈርተኛ ራኬሽ ሻርማ እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው በሶቪየት መንኮራኩር ተሳፍሮ ነው። በራሷ ሮኬት ሰው የመላኩ ዕቅድ፣ ጋጋንያን የተባለው፣ በይፋ የታወጀው በ2018 የነፃነት በዓል ዕለት ነው። አራቱ ዕጩዎች፣ ሁሉም የአየር ኃይል የሙከራ አብራሪዎች፣ በሩሲያና በህንድ ሠልጥነው በፌብሩዋሪ 2024 ስማቸው ተነገረ። ከእነሱ አንዱ ሹባንሹ ሹክላ በ2025 በአሜሪካ መንኮራኩር ወደ ዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ ሄዶ ልምድ ይዞ ተመልሷል። በራሳቸው ሮኬት ሰው የሚወጣው ባዶ መንኮራኩሮች ደጋግመው ከተሞከሩ በኋላ ነው፤ የታቀደውም ለ2027 ነው። ከተሳካ ህንድ ከሶቪየት ኅብረት፣ ከአሜሪካና ከቻይና ቀጥላ አራተኛ ትሆናለች። ከቱምባ ብስክሌት እስከዚያ ድረስ ከስድሳ ዓመት በላይ ይሆናል ማለት ነው።

## ርቀቱ ደሴና አዲስ አበባ ነው

ብዙ ሰው ጠፈር ሲባል የትየለሌ ሩቅ ይመስለዋል። ዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ የሚዞረው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 401 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ወደ ላይ ቢሆን ኖሮ ማለዳ ከደሴ የተነሳ አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ ጣቢያው በር ላይ ይደርስ ነበር።

ጣጣው ያለው ፍጥነቱ ላይ ነው። መንኮራኩር ከፍታው ላይ ደርሶ ቢቆም ተመልሶ ይወድቃል። ምድርን እየዞረ እንዲቆይ በሰዓት 28 ሺህ ኪሎ ሜትር መብረር አለበት፤ በዚህ ፍጥነት ከደሴ አዲስ አበባ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያን ፍጥነት ለማግኘት ሮኬቱ ክብደቱን ከሞላ ጎደል በሙሉ ነዳጅ አድርጎ ይነሳል። ሲመለስ ደግሞ ያንኑ ፍጥነት አየሩን እየገፋ ማብረድ ግድ ይለዋል፤ ከፊቱ ያለው አየር ሲታመቅ ብረት የሚያቀልጥ ሙቀት ይፈጠራል።

ሳተላይት ከላኩ በኋላ ሰው መላክ ለምን ያን ያህል ዘመን ይወስዳል ለሚል ሰው መልሱ እዚህ ነው። ሳተላይት አይተነፍስም፣ አይመለስም፣ ቢጠፋም ቀብር የለውም። ሰው የተቀመጠበት ክፍል ግን ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ሲተነፍስ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኬሚካል ካልተያዘ በሰዓታት ውስጥ ራሱን ይመርዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 ሦስት የሶቪየት ጠፈርተኞች ሥራቸውን ጨርሰው ሲመለሱ፣ አንዲት የአየር ቫልቭ ያለጊዜዋ ተከፍታ አየሩ ስላመለጠ መንኮራኩሩ በሰላም ሲያርፍ እነሱ ሞተው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚይዝ መንኮራኩር እያንዳንዱ ቡሎኑ ሳይቀር «ይህ ቢበላሽስ?» ተብሎ ይጠየቃል።

ህንዶች በኦክቶበር 2023 የሞከሩትም ይህንኑ ነው። ሮኬቱ አደጋ ቢገጥመው ጠፈርተኞቹን ነጥቆ የሚያወጣውን ክፍል ለብቻው ፈተሹት። ሙከራው ሊጀመር አምስት ሰከንድ ሲቀረው ኮምፒዩተሩ ራሱ አስቆመው። ምክንያቱ ተፈትሾ በዚያው ዕለት እንደገና ተተኮሰ፤ ክፍሉም ተነጥሎ በጃንጥላ ባሕር ላይ አረፈ። ባለሙያዎች ከመተኮሱ ይልቅ ማስቆሙን ያደንቃሉ። አገር ለሰው በረራ ደረሰ የሚባለው «ቁም» የሚል ሥርዓት ሲኖረውና የሚታዘዘውም ሲኖር ነው።

## ሰማዩ የኛ፣ መነጽሩ የሰው

በቱምባ አጠገብ የሚያልፈው መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያም ላይ ያልፋል፤ ያውም በአዲስ አበባ አካባቢ። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሲከበር በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ ተቋቋመ። የመሩት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ቄስ አባ ፒየር ጉዋን ነበሩ። ህንድ በዚያ መስመር ላይ ሮኬት ከመተኮሷ በፊት እኛ በዚያው መስመር ላይ መለኪያ ተክለን ነበር ማለት ነው።

ሌሎችም ሰማያችንን ፈልገውታል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካው የስሚዝሶኒያን ተቋም የሳተላይቶችን መንገድ የሚከታተል ትልቅ ካሜራ በደብረ ዘይት ተከለ። በአስመራው የቃኘው ጣቢያ ደግሞ የአሜሪካ ጦር ግዙፍ ሳህኖች አቁሞ የሶቪየት መንኮራኩሮች ከሩቅ ሕዋ የሚልኩትን ምልክት ያዳምጥ ነበር። ከፍታችን፣ የምድር ወገብ ቅርበታችንና ጥርት ያለው የበጋ ሌሊታችን ለሰው ጠቅሞ አልፏል። ሰማዩ የኛ፣ መነጽሩ የሰው ነበር።

ሰዎቻችንም እንዲሁ ሌላ ቤት ሠሩ። የቦንጋው ተወላጅ ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ከባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተነስተው በአሜሪካ የሕዋ ኢንዱስትሪ ውስጥ ስማቸውን አስጠርተዋል። በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት ከወዳጆቿ ኩባን፣ ቬትናምን፣ ሞንጎልያን፣ ሶርያንና አፍጋኒስታንን እየመረጠች ዜጎቻቸውን በመንኮራኩሯ ስታወጣ፣ ወዳጅነቷ የማይጠረጠረው ኢትዮጵያ ግን በዝርዝሩ ውስጥ አልገባችም።

አፍሪካ ሌላ ዓይነት ሙከራም አይታለች። እ.ኤ.አ. በ1964 ዛምቢያዊው ኤድዋርድ ማኩካ ንኮሎሶ ወጣቶችን በበርሜል ውስጥ እያስገባ ከኮረብታ በማንከባለል «ለጨረቃ ጉዞ» ያሠለጥን ነበር፤ ገንዘብ አላገኘምና በዚያው ቀረ። ከአፍሪካ አገር ዜጎች መጀመሪያ ምድርን የዞረው ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ነው። እሱም እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የራሱን ሚሊዮኖች ዶላር ለሩሲያ ከፍሎ ነው። ትኬት ገዝቶ መሄድ ይቻላል። አገር ተዘጋጀች የሚያሰኘው ግን ትኬቱ አይደለም።

በእኛ አገር የራስን መነጽር መያዝ የተጀመረው በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ሲመሠረት ነው። መሥራቾቹን ያኔ ብዙ ሰው ጤንነታቸውን ይጠራጠር ነበር። በወሎ ያደጉት ባለሀብት ሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ በሰጡት ገንዘብ ጭምር፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው እንጦጦ ላይ የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ። በ2009 ዓ.ም. መንግሥታዊ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ ዛሬ የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ይባላል። ከደሴ በስተ ሰሜን፣ በላሊበላ አቅራቢያ ያሉት ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሆኑ የላስታ ተራሮችም ለትልቅ ቴሌስኮፕ ምቹ መሆናቸው ተለይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት እንዲሰይም ዕድል ሲሰጥ፣ ኢትዮጵያ ኮከቡን «ቡና»፣ ፕላኔቱን «አቦል» ብላ አስመዝግባለች።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በማለዳ ባለሥልጣናትና ሳይንቲስቶች እንጦጦ ላይ ተሰብስበው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይናው ታይዩዋን ስትመጥቅ በስክሪን አዩ። 72 ኪሎ ግራም የምትመዝን፣ ምድርን የምትቃኝ ሳተላይት ነበረች። ከ8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጪዋ አብዛኛውን የሸፈነችው ቻይና ናት፤ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በሥራው ተሳትፈዋል። በዓመቱ ሁለተኛዋና ትንሿ ሳተላይት ተከተለች። ከህንድ ጋር ሲነጻጸር እኛ ያለነው በሰው ሮኬት የራስን ሳተላይት በማምጠቁ ምዕራፍ፣ በአርያባታ ዘመን ላይ ነው።

## በ1964 ክረምት ከላይ የነበረው ዐይን

አሁን ወደ ወሎ እንመለስ። ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. አሜሪካ ኤርትስ-1 የተባለች፣ በኋላ ላንድሳት የተሰኘች ሳተላይት አመጠቀች። የምድርን ገጽ እየደጋገመ ለማንሳት የተሠራ የመጀመሪያው ሲቪል ዐይን ነበር። በየ18 ቀኑ ወደ ጀመረበት ቦታ ይመለሳል። 80 ሜትር ገደማ የሚሆን መሬት ለእሱ አንድ ነጥብ ነው፤ የደጋንን አንድ ጎጆ አያይም፣ ተዳፋቱ መድረቁን ግን ይለያል።

በዚያው ክረምት የወሎ ዝናብ ቀረ። ተከታዩ በልግም አልሆነም። በ1965 ዓ.ም. ሰው ከአውሳ ጫፍ፣ ከራያ፣ ከየጁ፣ ከቃሉ እየተነሳ ወደ ዋናው መንገድ፣ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ይጎርፍ ጀመር። መንግሥት ዝም አለ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በሚያዝያ 1965 ወሎ ሄደው ያነሱትን ፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱ፤ ተማሪው ተቆጣ። በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በለንደን ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ሰማ። ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ተቆራርጦ በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ምሽት ነው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

ያኔ ወሬው ለምን ዘገየ? ያየ ሰው ጠፍቶ አይደለም። አውራጃው ያውቃል፣ የደሴ ሆስፒታል ያውቃል፣ መንገዱን የሚመላለሰው ሹፌር ያውቃል። ያየውን የሚናገር፣ የተነገረውንም የሚሰማ ነው የጠፋው።

> ሳተላይት መድረቁን ያያል። የገበሬውን ኪስ አያይም።

ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ የወሎን ረሃብ ሲመረምር ያገኘው ነገር ዛሬም ያስደነግጣል። በረሃቡ ዓመት በአገር ደረጃ የእህል ምርት ያን ያህል አልቀነሰም። በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ እንደ ረሃቡ ክብደት አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ እህል ይወጣ ነበር። ያልነበረው በገበሬው እጅ መግዣ ገንዘብ ነው። ያን ዘመን የሚያስታውሱ የደሴ እናቶች ከሴን ቀድመው ይህንኑ ይናገራሉ፤ «እህልማ ነበር ልጄ። መኪናው እህል ጭኖ ሲያልፍ እያየ ነው ሰው የወደቀው።»

በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ተደገመ። ከእሱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ አቋቋመች፤ ዋናው መሣሪያውም የሳተላይት ምስል ነበር። አሠራሩን ለመረዳት አንድ የማሽላ ቅጠል ይበቃል። ጤናማ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ምግቡን ለመሥራት ይመጥጠዋል፤ ለዐይናችን የማይታየውን ታህተ ቀይ ብርሃን ደግሞ መልሶ ያንጸባርቀዋል። ቅጠሉ ሲጠማ የሚመጥጠው ቀይ ብርሃን ይቀንሳል፣ የሚመልሰው ታህተ ቀይም ይደክማል። ሳተላይቱ የሁለቱን ልዩነት ይለካል፤ ካለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ያስተያያል። ሰው ከመራቡ ወራት በፊት የሚታይ ምልክት ይገኛል። ይህ የዓለም ዕውቀት ሆኖ እንዲቆም ከከፈሉት መካከል የወሎ ሰዎች አሉበት።

## ከስክሪን እስከ ማሳ

ዛሬ በቃሉ ወረዳ የሚሠራ አንድ የግብርና ባለሙያ ሳተላይት ሲባል ትከሻውን ይሰብቃል። «ምስሉ እንዳለ አውቃለሁ። እኔ ጋ የሚደርሰው ግን ሪፖርት ሆኖ፣ ከላይ ወደ ታች ዞሮ፣ ገበሬው ካረሰ በኋላ ነው» ይላል። እሱ በበኩሉ ከቀበሌ የሚሰበስበውን መረጃ በወረቀት ሞልቶ ወደ ላይ ይልካል። ሁለቱ መረጃዎች መንገድ ላይ አይገናኙም።

አንድ የደጋን ገበሬ ነገሩን በአጭሩ ይቋጨዋል፤ «ከላይ ያለው ቢያይ ለኔ ማን ነገረኝ?»

ቴክኒካዊ ጉድለትም አለ። ኢቲአርኤስኤስ-1 በጥሩ ቀን 13 ነጥብ 75 ሜትር የሚሆን መሬት ነጥሎ የማየት አቅም ነበራት። የምታየው ግን እንደ ሰው ዐይን በፀሐይ ብርሃን ነበር፤ ደመና ካለ የምታነሳው ደመናውን ነበር። ገበሬው ስለ ማሳው ይበልጥ ማወቅ የሚፈልገው በሐምሌና በነሐሴ፣ ሰማዩ በተከደነበት ወቅት ነው። ደመና ሰንጥቆ የሚያይ ራዳር ያላቸው የአውሮፓ ሳተላይቶች ምስላቸውን በነፃ ይለቃሉ፤ የሚፈለገው ምስሉን አንብቦ በአማርኛና በኦሮምኛ ለቀበሌ የሚያደርስ ሰው ነው። ደግሞም ሳተላይት አላቂ ዕቃ ነው፤ የኢቲአርኤስኤስ-1 የአገልግሎት ዘመን ሲነደፍ ሁለት ዓመት ነበር። አንዴ አምጥቆ እድሜ ልክ መኩራት አይቻልም።

ነገሩ ሲሠራ ምን እንደሚመስል በአንበጣው ጊዜ ታይቷል። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ወሎን ጨምሮ ብዙ አካባቢ ሲወር፣ ባለሙያዎች የአፈር እርጥበትንና ለምለም ሣርን ከሳተላይት እያዩ መንጋው የሚፈለፈልበትን በረሃ ይገምቱ ነበር። ያም ሆኖ ማሽላው እንዳይበላ የከለከለው በብዙ ቦታ ሕዝቡ ራሱ ነው፤ ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ። ከላይ የታየው ከታች ካለው እጅ ጋር በጊዜ ሲገናኝ ብቻ ሰብል ይተርፋል።

## ዳቦ ወይስ ሮኬት?

በዚህ ጉዳይ የሚከራከረው ሰው ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው «ዳቦ ሳይኖር ሮኬት ምንድን ነው?» ባይ ነው። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ረሃብ ያየ አገር ገንዘቡ የት እንደሚውል መጠየቅ መብቱ ነው። ሁለተኛው ክብር ፈላጊ ነው፤ ባንዲራችን እዚያ ላይ ይውለብለብ፣ የቀረው በኋላ ይደርሳል ይላል።

ሦስተኛውን የሚያገኙት ኮምቦልቻ ላይ ነው። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር ወጣት ሁለቱንም ሰምቶ ሲያበቃ «እኔ የምፈልገው የምፈትሽበት ላቦራቶሪ ነው» ይላል። ዩኒቨርሲቲው በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ከባድ ዘረፋና ውድመት ደርሶበት ነበር። ለዚህ ተማሪ የሕዋ መርሐ ግብር ማለት የተሟላ የሙከራ ክፍል፣ የማይቋረጥ መብራትና የሚያስተምር መምህር ነው። ሦስቱ ካሉ ሮኬትም ባይወጣ ለከተማዋ ፋብሪካዎች መሐንዲስ ይወጣል።

የፊዚክስ መምህሩ አቋም ወደዚህ ያደላል። «ልጆቹ ጠፈርተኛ መሆን እንፈልጋለን ሲሉኝ ደስ ይለኛል። የምጨነቀው ሒሳቡን ሲጠሉት ነው» ይላል።

## የሚጀመርበት ቦታ

ኢትዮጵያ ሰው ለመላክ የተነደፈ ዕቅድ የላትም፤ ቢኖራትም የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። ቻይና የመጀመሪያ ሳተላይቷን ካመጠቀች በኋላ ሰው እስክትልክ 33 ዓመት ወስዶባታል፤ ህንድ ደግሞ ከአርያባታ ወዲህ ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ያ ማለት ዛሬ መጀመር የለበትም ማለት አይደለም።

እጃችን ላይ ያለው ትንሽ አይደለም። በራሳቸው ሮኬት ሰው የላኩት አገሮች የመጀመሪያዎቹን ጠፈርተኞች የመለመሉት ከአብራሪዎች ነው፤ አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ ይበራል፣ ቢሾፍቱም አብራሪ ታሠለጥናለች። በሕክምናውም በኩል በሰሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ሰዎች እንደ አንዳንድ ሌሎች የደጋ ሕዝቦች ደማቸው ሳይወፍር አነስተኛውን ኦክስጅን መቋቋማቸውን ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ሰው በትንሽ አየር እንዴት እንደሚኖር ማጥናት የሕዋ ሕክምና አንዱ ዘርፍ ነው፤ ለዚያ ጥናት ወሎና ሰሜን ሸዋን የመሰለ ቦታ ሩቅ ሄዶ መፈለግ አያስፈልግም። የአፍሪካ የሕዋ ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2025 በካይሮ በይፋ ሥራ ጀምሯል፤ ብቻን ከመልፋት ለብዙ ሆኖ መሥራት ይቻላል።

ቅደም ተከተሉ ግን ሊዛባ አይገባም። ሰው መላክ የሚችል አገር ስህተት ሲያይ የሚያቆም፣ ያየውን የማይደብቅ፣ የታየውን በጊዜ ለሚመለከተው የሚያደርስ ሥርዓት ያለው አገር ነው። ይህ ሥርዓት በሮኬት ማምጠቂያ ላይ ብቻ የሚፈጠር አይደለም፤ በድርቅ ማስጠንቀቂያ፣ በሰብል ግምትና በወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው የሚለመደው። በ1965 ወሎ ላይ የጎደለው እሱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ሙሉ በሙሉ አልተሟላም።

ስለዚህ ቀጣዩ የኢትዮጵያ ሳተላይት ሊመጥቅ ነው ሲባል እናጨብጭብ፤ ከጭብጨባው በኋላ ግን ኃላፊዎቹን ሦስት ነገር እንጠይቅ። በክረምት ደመና ውስጥ ታያለች ወይ? ያየችውን ለየትኛው ቀበሌ፣ በስንት ቀን ውስጥ ትነግራለች? ዘመኗ ሲያልቅ የሚተካት ተዘጋጅቷል ወይ? ለእነዚህ የማያሻማ መልስ ያለው መሥሪያ ቤት አንድ ቀን ሰውም ሊልክ ይችላል። መልስ የሌለው ግን ጠፈርተኛ ቢልክም ትኬት ገዝቶ ነው።